ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ ቀይ ሸረሪት

በጋ በመጣ ቁጥር ከመስኖ አካባቢዎች የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ስለ አንድ ተባይ ይበዛሉ። ባለሙያው ስፓይደር ማይት ይለዋል፣ ገበሬው ቀይ ሸረሪት። የዚህን ወር አምድ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ከመቂ ለጻፉልኝ ወንድሜ የሰጠሁት መልስ ረዘም ይላል፤ እሳቸው ላይ የደረሰው በብዙ ማሳ ላይ ሲደርስ ስላየሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን እህታችን። መቂ አጠገብ ግማሽ ሄክታር ተከራይቼ በሞተር ውሃ ቲማቲም አለማለሁ። ማሳዬ ኮረኮንች መንገድ ዳር ነው። ከጥር አጋማሽ ጀምሮ በመንገዱ በኩል ያለው ተክል ቅጠሉ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጫጭ ነጥብ አወጣ። መድኃኒት የምገዛበት ሱቅ «ምች ነው» ብሎኝ ማንኮዜብ የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ረጨሁ፤ አልተወውም። ከዚያ ለቱታም (ቲማቲም ለሚቦረቡረው ትል) ለሌላውም ይሆናል የተባልኩትን ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሚባል የነፍሳት መድኃኒት በየአምስት ቀኑ ረጨሁ። ጭራሽ ግማሹ ማሳ ነጣ፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ድር አደራበት። አሁን ሁለት ዓይነት የማይት መድኃኒት ገዝቼ እያፈራረቅሁ ነው። ለጥቂት ቀን ቀለል ይልና ይመለሳል። የቅጠሉንም የጠርሙሶቹንም ፎቶ ልኬያለሁ። ለለቀማ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፣ የተበደርኩት ገንዘብ አለ። ምን ልርጭ? (የቲማቲም አምራች፣ ከመቂ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ። ምች አይደለም። ምች ቢሆን ኖሮ ቅጠሉ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ጠቆር ያለ ሰፊ ጠባሳ ያዩ ነበር፤ እሱም የሚወደው እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው እንጂ የየካቲትን ደረቅ ፀሐይ አይደለም። የነጭ ነጥቡ፣ የድሩና ከመንገድ ዳር የመጀመሩ ነገር ሲደማመር ቀይ ሸረሪት ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ዛሬውኑ ይህን ያድርጉ። ነጥብ መጣል ገና የጀመረ ቅጠል ይምረጡ። የደረቀውን ይተዉት፣ ከደረቀው ላይ ተባዩ ለቆ ሄዷል። ከሥሩ ነጭ ወረቀት ይዘው ቅጠሉን በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ብናኝ ትንሽ ቆይቶ መሄድ ከጀመረ አቧራ አይደለም። 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ካገኙ ደግሞ (የቀበሌዎን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይጠይቁ) ቅጠሉን ገልብጠው ጅማቱ አካባቢ ይመልከቱ። ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ ቢጫማ አረንጓዴ፣ በግራና በቀኝ ጎኑ ላይ አንዳንድ ጥቁር ነጥብ ያለው ስምንት እግር ፍጡር ያያሉ። አጠገቡ የውሃ ጠብታ የመሰለ ክብ እንቁላል አለ። እዚህም እዚያም የተበተነው ነጭ ቅርፊት ሲያድግ አውልቆ የጣለው ቆዳው ነው። ቀይ ነገር ብቻ ከፈለጉ ያመልጥዎታል።

በዚያው ሌንስ ሌላም ነገር ይፈልጉ። ጎኑ ላይ ነጥብ የሌለው፣ አብረቅራቂ፣ ከኋላው ሰፋ ከፊቱ ሾጠጥ ያለ፣ ከሌሎቹ ፈጥኖ የሚሮጥ፤ ቀለሙ ከነጣ ቢጫ እስከ ብርቱካናማ ይደርሳል። እንቁላሉም ከቀይ ሸረሪት እንቁላል ተለቅ ያለና ሞላላ ነው። ይህ አዳኝ ማይት ነው፤ ቀይ ሸረሪትን እየበላ የሚኖር ወዳጅዎ ነው። ከእሱ ሌላ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ጢንዚዛም አለች፣ እሷም ሥራዋ ይኸው ነው። በተደጋጋሚ ላምዳ ሳይሃሎትሪን በተረጨ ማሳ ላይ ግን ከሁለቱም አንድ እንኳ ባያገኙ አይገርመኝም። የችግርዎ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቀይ ሸረሪት የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው፣ ነፍሳት አይደለም። ስለዚህ ለነፍሳት የተሠራ መድኃኒት እሱን አልፎ ጠላቶቹን ይጨርስለታል። ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያለበት የመድኃኒት ቤተሰብ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ ያልሞተውን ማይት አስበርግጎ ወደ ንጹሕ ተክል ይበትነዋል፣ አንዳንዴም ብዙ እንቁላል እንዲጥል ያደርገዋል። ማንኮዜብም ቢሆን በፈንገስ መድኃኒትነቱ የሚታወቅ ይሁን እንጂ ለአዳኝ ማይት አይመችም። ይህ በእኛ ሀገር የተጀመረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ በፊት ቀይ ሸረሪት በዓለም ላይ ይህን ያህል የሚፈራ ተባይ አልነበረም፤ ዲዲቲና ከእሱ በኋላ የመጡት መድኃኒቶች የፍራፍሬ እርሻውን ሲያጥለቀልቁት ነው ዋና ጠላት ሆኖ ብቅ ያለው። በእኛም ስምጥ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2012 ቱታ አብሶሉታ ከገባች ወዲህ የቲማቲም ገበሬ ርጭቱን እጅግ አብዝቷል። ቱታን ፈርተን በየአምስት ቀኑ የምንረጨው ለቀይ ሸረሪት መንገድ ጠርጎለታል። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ የሸጠልዎት ሰው ቅጠሉን ገልብጦ ሳያይ ስለ ሸጠልዎት እናደዳለሁ።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ ልምጣ። የንግድ ስማቸው የተለያየ ነው፣ ሥዕላቸውም እንደዚያው። ከስሙ ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ግን ያንብቡት፤ ሁለቱም ላይ አባሜክቲን ይላል። መድኃኒት ያፈራረቁ መስሎዎት ያንኑ ደግመው ደጋግመው ረጭተዋል ማለት ነው። አባሜክቲን ክፉ መድኃኒት አይደለም። ጃፓን ውስጥ ከአፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ነው፣ በዚያ ግኝት ላይ የሠሩት ሳቶሺ ኦሙራና ዊሊያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ነገር ግን እንቁላል አይገድልም፣ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይበላሻል፣ ሲደጋገም ደግሞ ማይቱ ይለምደዋል። ቀይ ሸረሪት በዓለም ላይ ከ90 በላይ የመድኃኒት ንጥረ ነገሮችን ሲቋቋም የተመዘገበ ተባይ ነው። ምክንያቱ አረባቡ ነው። ቀኑ 30 ዲግሪ በሚደርስበት ወቅት ከእንቁላል ተነሥቶ እንቁላል ጣይ እስኪሆን አንድ ሳምንት አካባቢ ይበቃዋል፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ከ100 በላይ ትጥላለች። ወንድ ባይኖር እንኳ ያልተዳቀለው እንቁላሏ ወንድ ሆኖ ይፈለፈላል፣ ከዚያ ከልጇ ጋር ተዳቅላ መንጋ ትመሠርታለች። ከርጭት የተረፈች አንዲት ሴት ማሳ ትሞላለች የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ላምዳ ሳይሃሎትሪኑን ያቁሙ። ቀጥሎ ማሳውን በእግርዎ ዞረው በሦስት ይክፈሉት፦ ገና ንጹሕ የሆነው፣ ነጥብ የጣለው፣ ድር የያዘው። ጉብኝቱንም ሥራውንም ሁልጊዜ ከንጹሑ ጀምረው በድሩ ይጨርሱ፤ ማይቱ በልብስ ይጓዛል። የቀን ሠራተኞችዎንም እንዲሁ ያሠማሯቸው። ድር የያዘውን መስመር ለማዳን አይሞክሩ። የብድሩ ነገር እንደሚያስጨንቅዎ ይገባኛል፤ ግን እዚያ ላይ የሚያፈሱት የመድኃኒት ገንዘብ ቀሪውን ማሳ የሚያድነው ገንዘብ ነው። ነፋስ ሳይነሣ በጠዋቱ ነቅለው እዚያው መስመሩ ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይክተቱ፣ አፉን ይሰሩ፣ ከማሳው አርቀው ይቅበሩት። ወሰን ላይ ከምረው ከተዉት ተክሉ ሲደርቅ ማይቱ ድሩን ተሳፍሮ በነፋስ ይመለሳል።

ለቀረው ማሳ ሱቁ ሲሄዱ የንግድ ስም አይጥሩ፣ የንጥረ ነገሩን ስም ይጥሩ። ቢፌናዜት ወይም ስፓይሮሜሲፌን ቢያገኙ ሁለቱም አሠራራቸው ከአባሜክቲን የተለየ ነው። ሄክሲቲያዞክስ እንቁላልና ጫጩት ላይ ይሠራል፣ አዋቂውን ግን አይገድልም፤ ስለዚህ ብቻውን አይበቃዎትም። የሚገዙት ለቲማቲም የተፈቀደ መሆኑን፣ መጠኑንና ከርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቀውን ቀን መለያው ላይ ያንብቡ። ሦስት ሳምንት ስለቀረዎት ይህ ቀን የግድ ይቆጠር፤ ያንን ቲማቲም የሚበላው የሰው ልጅ ነው። ሁለት ሦስት መድኃኒት አንድ ፓምፕ ውስጥ መደባለቁንም ይተዉት።

ከመድኃኒቱ ይልቅ አረጫጨቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማይቱ ያለው ከቅጠሉ ሥር ነው፣ እኛ የምንረጨው ከላይ። የፓምፑን አፍንጫ ወደ ላይ አዙረው ከታች ጀምረው ይርጩ። ታችኛው ቅጠል ጀርባ ላይ ቁራጭ ወረቀት በስፒል ያያይዙና ሲጨርሱ ይዩት፤ ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ማይቱም ደረቅ ነው፣ ርጭቱ አልደረሰውም። ሰዓቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሁን፣ ንቦቹም ወደ ቀፏቸው የሚገቡት ያኔ ነው። ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ የአፍንጫ መሸፈኛና መነጽር ሳያደርጉ ፓምፕ አይሸከሙ። ከእንቁላል የሚፈለፈለውን ለመያዝ መለያው ከፈቀደ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አንዴ ይደግሙታል። ከዚያ በኋላም የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ ሌላ ዓይነት ይለውጡ።

ከርጭቱ በኋላ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የነጣ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ብዙ ገበሬ ነጭ እንደሆነ መቅረቱን አይቶ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሳያስፈልግ ይደግማል። የሚታየው አዲሱ ቅጠል ነው፤ በሦስተኛው ቀን ከሥሩ ወረቀት ይዘው መታ ያድርጉና በሕይወት ያለውን ይቁጠሩ።

ውሃውን አያጓድሉ። የተጠማ ቲማቲም ለቀይ ሸረሪት የተመቸ ነው፤ ዩሪያ በላይ በላዩ የተጨመረበትም እንዲሁ። ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ ቅጠሉን ሲያለብሰው አዳኞቹ ይቸገራሉ፣ ቀይ ሸረሪት ይመቸዋል። ለሚቀጥለው ዙር በመንገዱ በኩል ሁለት ሦስት መስመር በቆሎ ቀድመው ቢዘሩ አቧራውን ይቀንስልዎታል፤ በቆሎውንም ግን ገልብጠው ይዩት፣ እሱንም ማይት ይይዘዋል። ወሰኑ ላይ የበቀለውን አውጥና አስተናግር ይንቀሉ፤ ሁለቱም የቲማቲም ዘመዶች ናቸው፣ ማይቱ ቲማቲም በሌለበት ጊዜ እነሱ ላይ ይከርማል። የመጨረሻው ለቀማ እንዳለቀ ደግሞ አሮጌውን ተክል ይንቀሉት። ገበያው ወድቆ ማሳው እንደቆመ ሲተው የጎረቤትን አዲስ ችግኝ የሚበላው ከዚያ የተነሣው ነው። ለቱታ ርጭት ካስፈለገ ቢቲን (ከባክቴሪያ የሚሠራ መድኃኒት ነው) ወይም ክሎራንትራኒሊፕሮልን ያስቀድሙ፤ ለአዳኝ ማይቶች የሚራሩ ናቸው። የቱታን ወንድ የሚስበው የፌሮሞን ወጥመድ መቼ መርጨት እንዳለብዎ ይነግርዎታል፣ በየአምስት ቀኑ መርጨት ቀረልዎ ማለት ነው።

ገንዘብ ላጠረው ሰው የኒም ዘርም አለ። 50 ግራም የተወቀጠ ዘር በአንድ ሊትር ውሃ ሲዘፈዘፍ ያድራል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ጥቂት ሳሙና ተጨምሮ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ይረጫል። ገና ነጥብ በጀመረ ማሳ ላይ ይረዳል። ድር ከያዘ በኋላ ግን በእሱ ብቻ ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም።

አንድ ጥንቃቄ ለሌሎች የቲማቲም አምራቾች፦ ድር ሳይኖር ግንዱ ከታች ወደ ላይ የነሐስ መልክ እየያዘ ከሄደ ሌላ ማይት ነው፤ በሌንስም ለማየት ያስቸግራል። ለእሱ ሰልፈር ይሠራል። በጠራራ ፀሐይ ግን አይረጭም፣ ቅጠል ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ሰሚት ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በማሰሮ የተከልኳቸው ጽጌረዳዎችና እንጆሪ ቅጠላቸው አመድ የተነፋበት መስሏል፣ ከሥሩ ቀጭን ድር አለው። ጎረቤቴ ኦሞ በጥብጠሽ እርጪው አለችኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ፍሊት ነፋበት። ምንም ለውጥ የለም። ልጆች እንጆሪውን እየቀጠፉ ስለሚበሉ ፈርቻለሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሊቱን ዛሬውኑ ያስቁሙልኝ። ለቤት ውስጥ ዝንብና በረሮ የተሠራ ነው፣ ለሚበላ ተክል አይደለም። የተነፋበትን እንጆሪ ከነአበባው ቀጥፈው ይጣሉና ልጆቹ አዲስ ከሚያፈራው ይብሉ። ኦሞም ቅጠል ያቃጥላል።

የእርስዎ ችግር ያለ መድኃኒት የሚፈታ ነው። ጣሪያ ያለው በረንዳ ዝናብ አያገኘውም፣ የግድግዳው ሙቀት አለ፣ አቧራውም አለ። በገጠር ማሳ ላይ የበልግ ዝናብ የሚሠራውን እርስዎ በእጅዎ ይሥሩት። ማሰሮዎቹን ወደ መታጠቢያ ቤት ወስደው አፈሩን በፌስታል ሸፍነው ጋደም ያድርጓቸውና የቅጠሉን ጀርባ በሻወር ውሃ ጠንከር አድርገው ይጠቡት። ድሩ ይበጣጠሳል፣ ማይቱም አብዛኛው ታጥቦ ይሄዳል፣ ከእንቁላሉም ብዙው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳያቋርጡ ያድርጉት፤ አንዴ አጥቦ መተው ግን ምንም አይጠቅምም፣ የቀረው እንቁላል ይፈለፈላል። በጣም የነጡትን የታች ቅጠሎች ቆርጠው በፌስታል ቋጥረው ይጣሉ።

ይህ ካልበቃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ ይበጥብጡ። መጀመሪያ ሁለት ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ካልተቃጠለ በማለዳ የቅጠሉን ጀርባ በደንብ ያርሱበትና ከሁለት ሰዓት በኋላ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ማይት ብቻ ነው፣ ደርቆ ከቀረ በኋላ አይሠራም። አዲስ ተክል ገዝተው ሲመጡም ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አያስጠጉት።

ጥያቄ፦ ባቱ አካባቢ በጽጌረዳ ግሪንሃውስ ውስጥ ስካውት (ተባይ እየዞርኩ የምቆጥር ሠራተኛ) ነኝ። ፐርሲሚሊስ የሚባለውን አዳኝ ማይት በየጊዜው እንለቃለን፣ ማይቱ ግን ቤቱ መሐል ባሉት አልጋዎች ላይ አልቀነሰም። አለቃዬ «አዳኝ የሚባለው ገንዘብ ማባከን ነው» እያለ ወደ ርጭት ሊመለስ ነው። ምን ብዬ ላስረዳው?

መልስ፦ እኔም በአበባ እርሻ ዕፅዋት ጥበቃ ውስጥ የሠራሁ ስለሆንኩ ይህ ክርክር አዲሴ አይደለም። ፐርሲሚሊስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቺሊ በሄደ ኦርኪድ ላይ ጀርመን ውስጥ ተገኝቶ ነው ወደ ዓለም የተሠራጨው፤ ቀይ ሸረሪትን በመብላት የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ድክመቱ አንድ ነው፦ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲወርድ እንቁላሉ ይደርቃል። የባቱ ግሪንሃውስ መሐሉ ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደሚደርቅ አንተ ታውቀዋለህ። የእርጥበት መለኪያውን በር አጠገብ ሳይሆን መሐል አልጋው ላይ፣ በቅጠሎቹ መካከል አስቀምጠውና የቀኑን ቁጥር ይዘህ ለአለቃህ አሳየው። እዚያ አልጋ ላይ ደረቅ አየር የሚችለውን ሌላውን አዳኝ ማይት፣ ካሊፎርኒከስን፣ አብራችሁ ልቀቁ፤ እሱ ዝግ ይላል፣ ግን ማይት ሲጠፋም በአበባ ዱቄት ይቆያል።

ሁለተኛ፣ ለበሽታ የተረጨውን መዝገብ አንሣ። አዳኝ ከተለቀቀ በኋላ ሰልፈር የተነደደበት ወይም ትሪፕስ ለሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት ጠንካራ መድኃኒት የተረጨበት ቀን ካለ ገንዘቡ የባከነው በዚያ ቀን ነው። የታጠፉት ቅርንጫፎች ያሉበትን የታችኛውን ክፍል ሳትረጩ ብትተዉት አዳኞቹ መሸሸጊያ ያገኛሉ፤ አበባው የሚቆረጥበትን የላይኛውን ክፍል ብቻ ማስተካከል ይቻላል። ሦስተኛ፣ ማይት አግኝተህ ለምልክት ሪባን ያሰርክበት ቦታ ላይ አዳኝ የምትለቁት ድር ከያዘ በኋላ ከሆነ ዘግይታችኋል። እዚያ መጀመሪያ አዳኙን በማይጎዳ መድኃኒት አሳንሳችሁ ከዚያ ልቀቁ።

ይህን ያነበባችሁ የቲማቲም ገበሬዎች ፐርሲሚሊስን ለመግዛት አትቸኩሉ። የቲማቲም ግንድና ቅጠል ላይ ያለው የሚጣበቅ ፀጉር ስለሚይዘው እንደ ጽጌረዳው አይሠራላችሁም።

ለአንተም ለራስህ፦ ከተረጨ በኋላ መግባት የተፈቀደበት ሰዓት ሳይደርስ ለቆጠራ አትግባ፣ አለቃ ቢያዝህም።

ጥያቄ፦ ቀይ ሸረሪት ሰው ይነክሳል? ማይት የነበረበትን ቲማቲም መብላት ጉዳት አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይነክስም፤ ምግቡ ተክል ብቻ ነው። በግሪንሃውስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚሠሩ አንዳንድ ሰዎች ላይ ግን እንደ ማስነጠስና የትንፋሽ ማጠር ያለ አለርጂ እንደሚያመጣ ተረጋግጧል፤ እንዲህ የሚሰማው ሠራተኛ ለሐኪሙ የሚሠራበትን ቦታ ይንገር። ቲማቲሙን በሚወርድ ውሃ አሽታችሁ አጥባችሁ ብሉት። ከገበሬው በቀጥታ የምትገዙ ከሆነ መቼ እንደተረጨ ጠይቁት፤ ማጠብ ከላይ ያለውን ይቀንሳል እንጂ ወደ ውስጥ የገባውን አያወጣም።